ራዲካሉን ለብቻው አትክሰሱት

ውድ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? የምጽፍላችሁ ከድሬዳዋ ነው። የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ፣ ሃያ ምናምን ዓመት ሆነኝ። ጠመኔ ስለለመድኩ ነገሬ ረዘም ቢል ቻሉኝ።

ነገሩ የጀመረው በሳምቡሳ ነው። ሰፈራችን ማታ ማታ ሳምቡሳ የምትጠብስ ጎረቤት አለችኝ። ጋዜጣችሁን ለመጠቅለያ ነው የምትገዛው፣ አትቀየሙ፣ የቆየውን በኪሎ ታመጣለች። ግን እየጠቀለለች ታነባለች። ስንት የተማረ ሰው የማያነበውን ታነባለች። ባለፈው ሰሞን አንድ ገጽ ይዛ መጣች። የጤና ዓምዳችሁ ነው፣ ዘይት ጠጥቶ የጀርባው ፊደል ሁሉ ወዲህ ይታያል።

«ቲቸር፣ ሰውነታችን ውስጥ ሽፍታ አለ ይላል። እውነት ነው?»

«የምን ሽፍታ፣ እታለም?»

«ፍሪ ራዲካል የሚሉት ነዋ! ያገኘውን ሁሉ እየዘረፈ ይዞራል ነው የሚለው። እኔ ደግሞ ውዬ የማመሸው እሳት ዳር ነው። ይኸው ገዛሁ።»

ከቦርሳዋ የእንክብል ጠርሙስ አወጣች። አንቲኦክሲዳንት ይላል፣ ራዲካልን ይመክታል የሚባለው ነው። ዋጋውን ስትነግረኝ መቀመጫ ፈለግሁ።

ጽሑፋችሁን ወስጄ ሦስቴ አነበብኩት። ሁሉም ስህተት ነው አልልም። ራዲካል በሰውነት ውስጥ ጉዳት ያደርሳል፣ እሱ ልክ ነው። እንቅልፍ የነሳችኝ አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት፦ «ፍሪ ራዲካል የትም ይሁን የትም የነካውን ሁሉ ያጠፋል» የምትለዋ። አቦ፣ ይቺ ትታረም! «የትም ይሁን የትም» ማለት እኮ ቦታው አያገባውም ማለት ነው። ራዲካል ምን እንደሚያደርግ ሲታይ ደግሞ ግማሹን የሚወስነው የት እንዳለና እነማን ከበውት እንደተቀመጡ ነው። አጠገቡ አንድ ወይም ሁለት የውሃ ሞለኪውል መኖር አለመኖሩ እንኳ ለውጥ አለው። ይህን ከራሴ አላመጣሁትም፣ ሞለኪውል በሞለኪውል እየተቆጠረ በላብራቶሪ የታየ ነው።

ከመነሻው እንያዘው። ኤሌክትሮኖች ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው መቀመጥ የሚወዱት። ቢያንስ አንድ ኤሌክትሮኑ ጥንድ ያጣ ሞለኪውል ወይም አቶም ራዲካል ይባላል፣ በቃ። ክፍል ውስጥ ሳስተምር ሐራራ የያዘው ሰው አስቡ እላቸዋለሁ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት አልፏል፣ ጫቱ ከአወዳይ አልደረሰም፣ ሰውየው ይቁነጠነጣል፣ ያገኘውን ይለምናል፣ ሲብስበት ይነጥቃል። (ጫት አስተዋወቀ እንዳትሉኝ፣ እኔ አልቅምም። የድሬ ልጅ ግን በዚህ ምሳሌ ከገባው አይረሳውም።) ሐራራው እጅግ ከሚብስባቸው አንዱ ሃይድሮክሲል የሚባለው ነው። አንድ ኦክስጅንና አንድ ሃይድሮጂን ነው። ውሃ ለመሆን የሚጎድለው አንድ ሃይድሮጂን ብቻ ነው። ከሌላ ላይ ነጥቆ ውሃ ሲሆን የሚያገኘው ትስስር ደግሞ እጅግ ጠንካራ ነው፣ በሞል (ሞለኪውል በጅምላ የምንቆጥርበት መለኪያ ነው) 119 ኪሎካሎሪ ገደማ። ንጥቂያው የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

ይሄ ሃይድሮክሲል አሁን ከእናንተም ቢሮ ውጪ አየሩ ላይ አለ። ፀሐይ ኦዞንን ትሰነጥቃለች፣ ከዚያ የወጣው ኃይለኛ የኦክስጅን አቶም ከውሃ ተን ጋር ሲገናኝ ሁለት ሃይድሮክሲል ይወለዳል። ቀን ላይ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር አየር ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ይገኛል። ብዙ ይመስላል አይደል? እዚያችው ቦታ ውስጥ ግን፣ በባሕር ወለል ከፍታ፣ ወደ 25 ቢሊዮን ቢሊዮን የሚጠጉ ሌሎች ሞለኪውሎች አሉ። ዕድሜው ቢበዛ አንድ ሰከንድ ቢሆን ነው። በዚያች ዕድሜው ሚቴኑን፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱን፣ ከመኪና የወጣውን ሁሉ እያቃጠለ አየሩን ያጥብልናል። ሽፍታ ያላችሁት እንግዲህ ይሄን ነው። የባጃጁን ጭስ ማን የሚያጸዳ መስሏችሁ ነው?

ወደ ዋናው ልግባ። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አንድ ራዲካል ቢገባ ዙሪያው ቁጥር ስፍር የሌለው የውሃ ሞለኪውል ነው። የትኛው ምን እንዳደረገው መለየት አይቻልም። መጋላ ገበያ መሀል ኪሳችሁ ቢገባ ሌባው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ተመራማሪዎቹ ታዲያ ገበያውን በተኑት። ራዲካሉን ከአንድ ውሃ ጋር ብቻ እናስቀምጠው አሉ። ቀጥሎ ከሁለት፣ ቀጥሎ ከሦስት። እንዲህ በቁጥር የተያዙትን ትንንሽ ስብስቦች ክላስተር ይሏቸዋል፣ እኔ ዘለላ እላቸዋለሁ፣ የወይን ዘለላ እንደምንለው።

አሠራሩን ላስረዳችሁ። ጎሚስታ ጎማ ሲያስተነፍስ ቫልቩ አፍ ላይ እጃችሁን አድርጋችሁ ታውቃላችሁ? በዚህ የድሬ ሙቀት እንኳ የሚወጣው አየር ቀዝቀዝ ይላል። እነሱም ይህንኑ ያደርጋሉ፣ አጋንነው። ጋዙን በግፊት ይጨምቁትና በጣም በጠባብ ቀዳዳ አየር ወደሌለበት ክፍል ይለቁታል። ጋዙ ሲበተን ከዜሮ በታች 260 እና 270 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይወርዳል። በዚያ ብርድ ሞለኪውሎቹ ተቃቅፈው ዘለላ ይሠራሉ። ራዲካሉን በኤሌክትሪክ ብልጭታ ወይም በሌዘር እዚያው ይፈጥሩታል። ሌላው መንገድ የሂሊየም ጠብታ ነው። ጠብታው ከፍጹም ዜሮ፣ ከዚያ በታች ብርድ ከሌለበት፣ የሚበልጠው በ0.4 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። እየበረረ ሲያልፍ መጀመሪያ ራዲካሉን ያነሳል፣ ትንሽ ሄዶ አንድ ውሃ ያነሳል፣ ትንሽ ሄዶ ደግሞ ሌላ፣ ልክ ከሳቢያን ተነስቶ ከዚራ እስኪደርስ ሰው እየለቀመ እንደሚመጣ ባጃጅ። ከዚያ በኢንፍራሬድ ወይም በማይክሮዌቭ ጨረር እየነካኩ እንዴት እንደተቀማመጡ ያጠኗቸዋል።

ሃይድሮክሲልና አንድ ውሃ እንዲህ ሲገናኙ ምን ሆነ? እንደ ጽሑፋችሁ ከሆነ ውሃዋ ተዘርፋ ማለቅ ነበረባት። አልሆነም። ሃይድሮክሲሉ ሃይድሮጂኑን ወደ ውሃዋ ኦክስጅን ዘርግቶ ተያይዘው ቁጭ አሉ። ይህ የሃይድሮጂን ቦንድ የምንለው ነው። በሞል ከ5 እስከ 6 ኪሎካሎሪ ያህል ነው፣ ሁለት ውሃዎች እርስ በርሳቸው ከሚያያዙበት እንኳ ትንሽ ይጠነክራል። እ.ኤ.አ. በ2005 አቀማመጣቸው በማይክሮዌቭ ተለክቶ ወጥቷል።

ሊነጥቅ ቢሞክርስ? ያኔ ነው የሚያስቀው። ሃይድሮጂኗን ወስዶ እሱ ውሃ ይሆናል፣ የተዘረፈችው ውሃ ደግሞ ሃይድሮክሲል ሆና ቁጭ ትላለች። ዞሮ ዞሮ አንድ ውሃና አንድ ሃይድሮክሲል ነው። ማንም አላተረፈም። መሀል ላይ ደግሞ እንደ ደንገጎ ያለ ዳገት አለ፣ ያንን ወጥቶ ነው ወዲያ የሚወረደው፣ ስለዚህ በተለመደው ሙቀት ነገሩ በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። መከሰቱን ራሱ ለማወቅ የአንዳቸውን ኦክስጅን በከባዱ ዓይነት፣ 18 በሚባለው፣ መተካት ያስፈልጋል። አለበለዚያ መንትዮች ልብስ ቢቀያየሩ ማን ያውቃል?

ዘመዱ ሃይድሮፐሮክሲል ደግሞ አለ፣ ሁለት ኦክስጅንና አንድ ሃይድሮጂን ያለው። እሱ ውሃን የሚይዘው ከሃይድሮክሲሉም አጥብቆ ነው። ሁለቱ ተያይዘው እ.ኤ.አ. በ2006 በጃፓን ተመራማሪዎች ታይተዋል። ታዲያ ውሃ ያዘው ማለት ሁልጊዜ ረጋ አለ ማለት እንዳይመስላችሁ። ሁለት ሃይድሮፐሮክሲሎች ሲገናኙ ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድና ኦክስጅን ይሆናሉ። ይህ ሪአክሽን እርጥብ አየር ላይ ከደረቁ ይልቅ ይፈጥናል። እዚህ ላይ ውሃዋ ሽማግሌ መሆኗ ቀርቶ ደላላ ሆነች ማለት ነው፣ ገዥና ሻጩን ታፋጥናለች። ለዚህ ራዲካል የጅቡቲ ወበቅና የድሬ ደረቅ አየር አንድ አይደሉም። «የትም ይሁን የትም» ያላችሁትን አስታውሱልኝ።

እኔ ከሁሉም የምወደው ግን የአዮዲኑን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 ጀምስ ፍራንክና ዩጂን ራቢኖዊች አንድ ሐሳብ አቀረቡ። ፈሳሽ ውስጥ አንድ ሞለኪውል በብርሃን ሲሰነጠቅ ሁለቱ ስንጣሪዎች እንደ ልባቸው መራራቅ አይችሉም አሉ። ዙሪያቸውን የሞላው ፈሳሽ (አሟሚ እንለዋለን) ይይዛቸዋል፣ ይገጩታል፣ ይመልሳቸዋል፣ መልሰው ይጋጠማሉ። ሐረር ለሚያውቅ ሰው ጀጎል ግንብ ማለት ነው። ተለያይተው ሊሄዱ የነበሩ ሁለት ሰዎች በር አጥተው ግንቡ ውስጥ ሲዞሩ ሲዞሩ አንድ ጠባብ መንገድ ውስጥ መልሰው ፊት ለፊት ይገናኛሉ።

እሺ፣ ይሄ ግንብ ስንት ድንጋይ ይፈልጋል? በብርጭቆ ፈሳሽ ይህን ጥያቄ መመለስ አይቻልም፣ ድንጋዩ አይቆጠርማ። በዘለላ ግን ይቻላል። ኮሎራዶ፣ ቦልደር የሚገኘው የካርል ላይንበርገር ቡድን አንድ ትርፍ ኤሌክትሮን የተሸከመ የአዮዲን ጥንድ ወሰደ። በካርቦን ዳይኦክሳይድ ከበቡት፣ ለስላሳ ስትከፍቱ የሚፈላው ጋዝ መሆኑ ነው። አንድ ጨምረው፣ ሌላ ጨምረው፣ ቁጥሩን እየመረጡ። ከዚያ በሌዘር ጥንዱን ሰነጠቁት። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ጥቂት ሲሆን ስንጣሪዎቹ ያመልጣሉ። ቁጥሩ ከፍ ሲል የሚመለሱት እየበዙ ይሄዳሉ። 16 ላይ ሲደርስ ሁሉም ይመለሳሉ፣ የሚያመልጥ የለም። 16! ግንቡ ሞላ። ስንጣሪዎቹ ሲጋጠሙ የሚለቀቀው ሙቀት ደግሞ ጥቂቶቹን ካርቦን ዳይኦክሳይዶች ያተናቸዋል። ተመራማሪዎቹ የቀረውን መዝነው ነው ውስጥ የሆነውን የሚያውቁት። ይህን ሳስተምር አንድ ልጅ ከኋላ ወንበር ምን አለኝ? «ቲቸር፣ ግንብ ሳይሞላ የተሰነጠቀ ነው ዕድለኛው።» የዚያን ቀን ማርክ ጨመርኩለት።

ከዘለላው ወጥተን ወደ ጠርሙስ ብንመለስም ነገሩ ያው ነው። የክሎሪን አቶም ራዲካል ነው፣ ሃይድሮጂን ሲነጥቅ እምብዛም አይመርጥም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ግለን ራስል የሚባል ኬሚስት ግን ሪአክሽኑን ቤንዝን ውስጥ ሠራው (የመኪናውን ቤንዚን አላልኩም፣ ባለ ስድስት ካርቦኑን ቀለበት ነው)። ክሎሪኑ ቀለበቱ ላይ ደገፍ ይላል። ደገፍ ካለ በኋላ መራጭ ሆነ፣ በቀላሉ የሚለቀቀውን ሃይድሮጂን እየለየ መውሰድ ጀመረ። ክሎሪኑ ያው ክሎሪን፣ ኤሌክትሮኑም ያው ኤሌክትሮን ነው። የተለወጠው አብሮት የተቀመጠው ነው።

አሁን ወደ ጎረቤቴ ጠርሙስ። እንክብሉ ይሠራል የሚባለው ሃይድሮጂኑን ለራዲካሉ በፈቃዱ እየሰጠ ነው። ቫይታሚን ኢም እንዲሁ ነው። እዚህም ላይ ጎረቤት አለ። ካናዳ ውስጥ የሠራው ኪት ኢንጎልድ እንዳሳየው፣ አሟሚው ያንን ሃይድሮጂን በሃይድሮጂን ቦንድ ከያዘበት ራዲካሉ በቀላሉ አያገኘውም። እጃችሁን ለሰላምታ ልትዘረጉ ስትሉ ሌላ ሰው ቀድሞ እንደሚጨብጣችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ያው አንቲኦክሲዳንት ዘይት መሰል አሟሚ ውስጥ ፈጣን፣ አልኮል ውስጥ ደግሞ ዘገምተኛ ይሆናል። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ይህን ሁሉ አይነግራችሁም። ለነገሩ ጽሑፋችሁም አልነገረንም።

ደግሞ እንክብል ባበዛን ቁጥር ጤና ይበዛል ማለትም አይደለም። ፊንላንድ ውስጥ ከ29 ሺህ በላይ ወንድ አጫሾች የተሳተፉበት ጥናት ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። አንቲኦክሲዳንት ነው ተብሎ ቤታ ካሮቲን ከተሰጣቸው መካከል የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ያህል ጨምሮ ተገኘ። ይጠብቃቸዋል ተብሎ ነበር የተሰጣቸው! እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ሐኪም ያዘዘለት ሰው ሐኪሙን ይስማ። ጋዜጣ አንብቦ እንክብል መግዛት ግን ሌላ ነገር ነው።

ሽፍታ ስትሉ ደግሞ ናይትሪክ ኦክሳይድን ረስታችሁታል። እሱም ራዲካል ነው፣ ደም ሥራችንን ዘና የሚያደርገው እሱ ነው። ይህን ለደረሱበት ሦስት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1998 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷል። የምንተነፍሰው ኦክስጅን ራሱ ጥንድ ያጡ ሁለት ኤሌክትሮኖች አሉት። ሁሉንም እንሰር?

ይህን ሁሉ ለጎረቤቴ ማታ ምድጃዋ ዳር ቆሜ ነገርኳት፣ በአጭሩ። ዝም ብላ ሰማችኝ። ሳምቡሳውን ገለበጠችና «ታዲያ እዚህ ዘይት ውስጥስ?» አለችኝ። ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። እዚያማ አለ። ዘይት ሲግል፣ ሲውል ሲያድር፣ አየርና ብርሃን ሲያገኘው፣ አንድ ራዲካል ከአንድ የዘይት ሞለኪውል ሃይድሮጂን ይነጥቃል፣ የተነጠቀው ኦክስጅን ይይዝና ከቀጣዩ ይነጥቃል፣ ያም ከቀጣዩ፣ እንዲህ እየተቀባበሉ ዘይቱ ይቆመጥጣል፣ ይከረፋል። ጣሪያ ላይ የከረመ ቢጫ ጀሪካን ስትነኩት የሚሰባበረውም በዚሁ ዓይነት ቅብብሎሽ ነው። ዘይቱን ቶሎ ቶሎ ለውጪ፣ የተረፈውን ከድነሽ ጨለማ ቦታ አስቀምጪ አልኳት። «እሱንማ እናቴም ታውቀው ነበር» አለችኝ።

እንክብሉን የገዛችበት ቤት አልመልስም ብሏታል። ጠርሙሱን አጥባ ሚጥሚጣ አድርጋበታለች፣ ክዳኑ ጥሩ ነው።

የምጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው። «የትም ይሁን የትም» የምትለዋን አርሟት። እዚያው የጤና ዓምድ ላይ፣ በዚያው የፊደል መጠን ይሁን፣ ጥግ ላይ እንዳትቀብሯት። ደግሞ ቶሎ አውጧት፤ ጎረቤቴ የቆየ ጋዜጣ ነው በኪሎ የምትገዛው፣ እሷ ምድጃ ጋ እስኪደርስ ሁለት ወር ይፈጃል።

አክባሪያችሁ
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከድሬዳዋ